አጥኚው ሽንኩርት ዘርቶ ያውቃል?

አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ እጃችሁ ከገባ «እኔ» የሚል ሰው ፈልጉበት። ከዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ሁለት ቦታ ብቻ ታገኙታላችሁ። አንደኛው ምስጋናው ላይ ነው። እዚያ ተማሪው እንደ ልቡ ነው፤ ልዑል እግዚአብሔርን ያመሰግናል፣ እናቱን ያመሰግናል፣ አማካሪውን «ውድ ጊዜያቸውን ሰውተው» ብሎ ያመሰግናል (ስልክ አላነሳ ብለው አንድ ሴሚስተር ያንከራተቱትን አማካሪ ማለቴ ነው)፣ ፍቅረኛውንም ስሟን በአንድ ፊደልና በአንድ ነጥብ ሸፍኖ ያመሰግናል። ሁለተኛው ማረጋገጫው ላይ ነው፤ «እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተጠቀሰው፣ ይህ ጥናት የራሴ ወጥ ሥራ መሆኑን» እያለ በፊርማው የሚምልበት። ባጭሩ ምሁራችን ሰው የሚሆነው ሲያመሰግንና ሲምል ብቻ ነው። በመሀል ያለውን ሁሉ የጻፈው «አጥኚው» የሚባል ሌላ ፍጡር ነው።

ይህ አጥኚው የሚሉት ይገርመኛል። አይርበውም፣ አይሰለቸውም፣ ሊጠይቀው የሄደው ገበሬ ውሻ አያባርረውም። መረጃ ይሰበሰባል፤ ይደራጃል፤ ይተነተናል፤ ድምዳሜ ላይ ይደረሳል። ማን ሰበሰበው፣ ማን ደረሰበት ብላችሁ ብትጠይቁ መልስ የለም። በእንግሊዝኛ ሲጽፉት «ዘ ሪሰርቸር» ይሉታል፤ በአማርኛ «አጥኚው»። ሰውየው ግን ያው ነው፤ የትም የለም።

የጎረቤቴ ልጅ ከዚህ ፍጡር ጋር የተዋወቀው ባሕር ዳር ነው። ትምህርት ቤቱን አልጠራውም፤ ብጠራው ሌሎቹ «እኛስ ምን አጎደልን?» ብለው ይቀየማሉ።

ልጁ የይፋግ ልጅ ነው። ይፋግን ዛሬ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፍ መንገደኛ በሚኒባስ መስኮት አየት ያደርጋትና አዲስ ዘመን ደርሶ ስለሚበላው ቁርስ ማሰቡን ይቀጥላል። በ19ኛው መቶ ዘመን ግን ነገሩ ሌላ ነበር። የሲራራ ነጋዴ አሞሌውን ጭኖ የሚገናኝባት፣ የአውሮፓ መንገደኞች ስለ ገበያዋና ስለ ወይን ጠጇ የጻፉላት ከተማ ነበረች። ወይኑም አለቀ፣ ገበያውም ቀለለ፤ የቀረን ክርክሩ ነው። በዚህ ገበያ «ዋጋ ተጠይቋል» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። ገዢው «በስንት ትሰጪኛለሽ?» ይላል፤ ሻጯ «ለአንተ ብዬ ነው» ትላለች፤ «እናቴን አያዋጣኝም» ትላለች። እያንዳንዱ ቃል ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም እፊትህ ተቀምጣ ዓይንህን ታያለች።

ልጁ ይህን አፍ ይዞ ነው ኮሌጅ የገባው። የመጀመሪያ ዓመት ላይ ስለ ጎርፍ ጻፍ ሲባል የሚያውቀውን ጻፈ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብ ሞልቶ ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ሲያጥለቀልቅ፣ እሱ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ፣ አባቱ በሬዎቹን እየጎተተ እንዴት እንደወጡ፣ ከቤት ሲሰማ ያደገውን አንድ በአንድ ጻፈ። ወረቀቱ ሲመለስለት ዳርና ዳሩ በቀይ እስክሪፕቶ ቀልቷል። «የግል ስሜት!» «ሳይንሳዊ አይደለም!» እናቱ ላይ ደግሞ ክብ ተደርጎ «ምንጭ?» የሚል ተጽፎበታል። ምንጯ እሷው ራሷ ነበረች፤ ግን እንዴት እንደምትጠቀስ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ልጁ ተማረ። ተማረም ብቻ ሳይሆን ወደደው። አዲስ ልብስ እንደገዛ ጎረምሳ በየሄደበት ለብሶት ይዞር ጀመር። አንድ ቀን ቤት ደውሎ «እማ፣ የገንዘብ እጥረት ተከስቷል» አላት። እናቱ ደንግጣ «በማን ላይ?» አለችው። «ምሳ በላህ ወይ ልጄ?» ስትለው «እስካሁን ባለው ሁኔታ አልተበላም» አለ። ሴትዮዋ ስልኩን ዘግታ እኔ ዘንድ መጣች፤ ልጁን የሆነ ነገር ሳይነካው አልቀረም፣ ጠበል ይሻል ይሆን ወይ ብላ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ እንዲህ እንደሚያደርገው፣ ብዙውን ጊዜም በራሱ እንደሚለቅ ነገርኳት። ከለቀቀው ማለት ነው። ቢሮ ከገባ አይለቀውም።

የመመረቂያ ርዕሱ የወረዳችን የሽንኩርት አምራቾች የገበያ ችግር ሆነ። ርዕሱ ጥሩ ነው። በመስኖ አልምተህ፣ ጎንበስ ብለህ ከርመህ፣ ሽንኩርቱ ሲደርስ የሚገዛህ ማጣት እኛ አገር የታወቀ ሕመም ነው። ልጁም መጠይቁን ይዞ መጣና ከጠየቃቸው ገበሬዎች መሀል አባቱን አስገባ። አባቱ በወረቀቱ ላይ «ምላሽ ሰጪ 04» ሆኑ። ሰውየው ቁጥሩን ሲሰሙ «ከእኔ በፊት ያሉት ሦስቱ እነማን ናቸው?» ብለው ትንሽ ተቀየሙ እንጂ ጥያቄውን በደንብ መለሱ። እኔም አጠገባቸው ቡና እየጠጣሁ ነበርና ሰምቻለሁ። «ዋጋውን የሚያውቀው ደላላው ነው፤ እኛ የምናውቀው ሽታውን ነው» አሉ። ቀጠሉናም ደላላው እንዴት ማለዳ በሞተር መጥቶ ማሳ ዳር እንደሚቆም፣ ከሞተሩ ሳይወርድ «ዛሬ ገበያ የለም» እንደሚል፣ ሽንኩርቱ ተነቅሎ ፀሐይ ላይ እንደዋለ እያየ እንደሚጠብቅ፣ አመሻሽ ላይ ተመልሶ በግማሽ ዋጋ እንደሚጭን ነገሩት።

ጽሑፉ ሲያልቅ ይህ ሁሉ ምን ሆኖ ወጣ? «የገበያ መረጃ ተደራሽነት ውስንነትና የዋጋ መዋዠቅ መኖሩ ተረጋግጧል።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። ስሕተት የለበትም። ግን ሞተሩ የታለ? ደላላውስ ወዴት ገባ? አባትየው አፍ ውስጥ ኮፍያ ያደረገ፣ ስልክ ጆሮው ላይ የለጠፈ፣ ስሙ የሚታወቅ ሰው ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን ዋጋው እንደ ጣና ማዕበል ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ ይዋዥቃል። ልጁ ራሱን ሊደብቅ ተነስቶ ደላላውንም አብሮ ደበቀው። ደላላው ይህን ቢያውቅ የምረቃውን ድግስ ወጪ በቻለ ነበር።

አባትየው ማንበብ አልለመዱምና ልጁ ማታ ላይ ጮክ ብሎ አነበበላቸው። «አጥኚው በጥናቱ አካባቢ ተገኝቶ» ይላል፤ «በአጥኚው እምነት» ይላል፤ «አጥኚው እንደታዘበው» ይላል። ሰውየው በትዕግስት አዳመጡ። ሲጨርስ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ለመሆኑ ይሄ አጥኚው የምትለው ሰውዬ ሽንኩርት ዘርቶ ያውቃል?» አሉት። ልጁ ከዚያው ማሳ ላይ ውኃ ሲመልስ ያደገ ነው። መልስ ጠፋው፤ አዎ ቢል ማስረጃ የለውም፣ አይ ቢል ውሸት ነው።

በርግጥ ይህ ቋንቋ የተማሪ ብቻ አይደለም፤ ተማሪው የሚማረው በኋላ የሚሠራበትን ነው። መብራት ተቋርጧል። ችግሩ እንዲቀረፍ አቅጣጫ ተቀምጧል። ኮሚቴ ተዋቅሯል። እምቦጭን ተመልከቱ። ይህ አረም ጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ጊዜ ተጠንቷል፣ ስንት ጊዜ ተገምግሟል፣ ስንት ዘመቻ ተካሂዷል፣ ስንት ምክክር ተደርጓል። በዚህ ሁሉ ወረቀት ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሠራ ግስ ያለው እምቦጩ ብቻ ነው፤ ይበቅላል፣ ያብባል፣ ይስፋፋል።

ይህን ለልጁ ባነሳለት «ጋሼ፣ ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው» አለኝ። «ኤፒኤ እንዲህ ያዛል።» እኔም ይህ ኤፒኤ የሚሉት ምን እንደሚያዝ ለማየት ጓጓሁ። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር የጽሑፍ መመሪያ ነው፤ ሰባተኛው እትሙ እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቷል። አገላብጬ ባየው ምን ይላል? የራስህን ሥራ ስትገልጽ «እኔ» በል ይላል፤ ራስህን «አጥኚው» እያልክ እንደ ሦስተኛ ሰው አትጥራ ይላል። ቀደም ያሉት እትሞችም አልከለከሉም። የእኛዎቹ መምህራን በዚህ መመሪያ ስም ስንቱን ተማሪ በኮማና በነጥብ ሲያስለቅሱ ኖረው፣ ይቺን አንቀጽ ግን ዘለዋታል። ወይም አይተዋት፣ ለተማሪ የምትነገር አይደለችም ብለዋል።

ወደ ኋላ ከሄድን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ኒውተን ስለ ብርሃንና ቀለም የደረሰበትን እ.ኤ.አ. በ1672 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በደብዳቤ ሲያስታውቅ ፕሪዝም እንዴት እንዳገኘ፣ ክፍሉን እንዴት እንዳጨለመ፣ ምን አይቶ እንደተገረመ «እኔ» እያለ ነው የተረከው። ዋትሰንና ክሪክ እ.ኤ.አ. በ1953 የዲኤንኤን ቅርጽ ያሳወቁባት አጭር ጽሑፍ የምትጀምረው «እኛ» ብላ ነው። እነዚህ ሰዎች ባሕር ዳር ቢመጡ በቀይ እስክሪፕቶ ተዥጎርጉረው ይመለሱ ነበር።

ለምን ለንደን ድረስ እንሄዳለን? ከአዲስ ዘመን አለፍ ሲሉ ወደ ጎንደር መንገድ ላይ እንፍራዝ አለች። ዘርዓ ያዕቆብ የተባለው ፈላስፋ ከተሸሸገበት ዋሻ ከወጣ በኋላ ሀብቱ በሚባል ባለጸጋ ቤት ዳዊት እየጻፈ፣ ልጆች እያስተማረ የኖረው እዚያ እንደነበር «ሐተታ» የተባለው መጽሐፉ ይነግረናል። የተጻፈበት ዘመን እ.ኤ.አ. 1667 ነው ይላል፤ ከኒውተን ደብዳቤ በአምስት ዓመት ይቀድማል። ከዳር እስከ ዳር «እኔ» የሚል መጽሐፍ ነው። እኔ ጠየቅሁ፣ እኔ ተጠራጠርኩ፣ ለእኔ እንዲህ መሰለኝ ይላል። ነገሩን አስቂኝ የሚያደርገው ምሁራን ያ «እኔ» ማን እንደሆነ እስካሁን መጨቃጨቃቸው ነው። ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ጣሊያናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1920 ሐተታውን የጻፈው ሌላ ሳይሆን እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ በጋይንት ቤተልሔም ተቀምጦ የነበረው ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው አለ፤ አዲስ አበባ ላይ ሲያስተምሩ የኖሩት ክላውድ ሰምነር ደግሞ የለም፣ የዘርዓ ያዕቆብ ነው ብለው ተሟገቱ። ሙግቱ ዛሬም አልበረደም። አስቡት፤ አንድ «እኔ» መቶ ዓመት ሙሉ ሊቃውንትን ያከራክራል። በእኛው «አጥኚው» ማንነት ላይ ግን መቶ ደቂቃ የሚከራከር አይገኝም።

ይፋግም ብትሆን ባዶ አይደለችም። የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክን የጻፉት አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም የዚሁ የይፋግ አካባቢ ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1905 ምኒልክ በርሊን ልከዋቸው ለጀርመኖች ቋንቋችንን አስተምረዋል። በሃይማኖት አስተሳሰባቸውም ተከሰው ብዙ አይተዋል። «በአንዳንድ ወገኖች ዘንድ እንደሚታመነው» ብለው አለፍ ቢሉት ኖሮ ማን ይከሳቸው ነበር? እዚህ ላይ ለጎረቤቴ ልጅ ትንሽ አዘንኩለት። አገራችን «ይህን ያለው ማነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ በደግ የማይጠየቅባት አገር ናት። አጥኚው የተወለደው ከሳይንስ ብቻ አይመስለኝም፤ ከፍርሃትም ሳይወለድ አልቀረም።

ይሁን እንጂ ሥርዓት ማለት ራስን መደበቅ ነው የሚለውን አልቀበልም። ጣና ዙሪያ ካለው ቅኔ ቤት የጠበቀ ሥርዓት የት አለ? ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ነው፤ ሦስተኛ ልጨምር ብትል አይቻልም። መወድስ ስምንት ነው። ዜማው ልክ አለው፣ ሰምና ወርቁ ልክ አለው፣ የግዕዙ ሰዋስው ደግሞ ምሕረት አያውቅም። ተማሪው ቀን በመቃብር ቤት ጥግ ወይም በዛፍ ሥር ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ የኔታ ፊት ይቆማል። የኔታ መጀመሪያ የሚያዩት ቤቱ መሙላቱን ነው። ቀጥሎ ግን ጆሯቸውን ያዘነብላሉ፤ የትናንት ወዲያ ሰው ያለውን ደግሞ ካገኙት አለቀለት። በማኅሌት የተባለ ቅኔም አንዴ ከተባለ አይደገምም፤ ለሚቀጥለው በዓል ሌላ ይቆጠራል። ባዶ እግሩን በቁራሽ እንጀራ የሚማር የቆሎ ተማሪ በየቀኑ የራሱን አዲስ ነገር አምጣ ይባላል፤ ላፕቶፕ ይዞ የሚማረው ደግሞ የራስህን እንዳታመጣ ይባላል። የቱ ነው ከፍተኛ ትምህርት?

ለዚህ ነው ከተማው ውስጥ ግድግዳና ምሰሶ ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ የማይገርመኝ። «የመመረቂያ ጽሑፍ እናማክራለን» ይላል፤ ሥሩ ስልክ ቁጥር አለው። ማማከር ማለት ጽፎ ማስረከብ መሆኑን ሻጩም ገዢውም ያውቃል። ማንም ያልጻፈው የሚመስል ጽሑፍ ከተፈለገ ማንም ቢጽፈው ምን ለውጥ አለው? አጥኚው እንደሆነ ለማንም ልክ ነው። ማረጋገጫው ገጽ እንኳን አብሮ ተተይቦ ይመጣል፤ የሚጎድለው ፊርማ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያ ወረቀት ውስጥ «እኔ» ያለችው አንዲት የቁም ነገር ገጽ ውሸት ሆና ታርፋለች። ምስጋናውን ግን ገዢዎቹ ራሳቸው ይጽፉታል አሉ፤ ቢያንስ እናት ትክክለኛዋ ትሁን ብለው።

የጎረቤቴ ልጅ አልገዛም፤ ይህን እመሰክርለታለሁ። ሁለተኛ ዲግሪ ላይ ግን ሌላ ነገር አገኘው። አንድ ውጭ አገር የተማረ ወጣት መምህር፣ ጥናት አጥኚ ከጥናቱ ጋር ያለውን ዝምድና በግልጽ ይናገር የሚል አዲስ ፈሊጥ አስተማራቸው። ልጁ እንደ ኃጢአት ይሸሸው የነበረው «እኔ» ድንገት ጽድቅ ሆነ። ከዚያማ ማን ይቻለው! የጥናቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ ስለ እሱ ሆነ። የይፋግ ልጅነቱ፣ ወንድነቱ፣ የገበሬ ልጅነቱ፣ ሽንኩርት ሲልጥ የሚሰማው፣ ሽንኩርት ሳይልጥም የሚሰማው። ስለ ሽንኩርት ገበያ የተነሳው ጥናት ላይ ሽንኩርቱ ብቅ የሚለው ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነው፤ እሱም ለጥቂት ገጽ። አባትየው ዳግመኛ ተነበበላቸው። በፊት የጠፋው ልጃቸው በመገኘቱ ደስ ሳይላቸው አልቀረም፤ ግን «አሁንስ ደላላው የት ሄደ?» አሉ። ለካ ደላላው በአጥኚውም ጀርባ ይደበቃል፣ በ«እኔ»ም ጀርባ ይደበቃል።

ይቺ ጥያቄ ልጁን ሳትከነክነው አልቀረችም። ክረምቱን ይፋግ ከርሞ ሲጽፍ አየሁት። ስለ ራሱ የጻፈውን አብዛኛውን ቆረጠው፤ አባቱ የምላሽ ሰጪዎቹ አንዱ መሆናቸውን የሚናገሩ ጥቂት መስመሮች ብቻ አስቀረ። የአባቱን ንግግር ግን እንዳለ፣ ሞተሩም ሽታውም ሳይቀር አስገባው። «ዋጋው ይዋዥቃል» የሚለው በየቦታው ተሰርዞ «ደላሎች ዋጋውን ይቀንሳሉ፤ የሚቀንሱትም እንዲህ አድርገው ነው» የሚል ገባ። በየመሀሉ «አይቻለሁ»፣ «አልገባኝም»፣ «እኔ የምለው» ብቅ ይላል። አማካሪው «አጥኚው»ን ሦስት ቦታ መልሶ አስገባበት፤ ልጁም ለሰላም ሲል ተወለት።

ልጁ ጥናቱን የሚከላከልበት ቀን እኔም ባሕር ዳር ወርጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። አባትየው ነጭ ጋቢ ለብሰው አጠገቤ ነበሩ። ልጁ ከረባት አስሯል፤ ላብ ላብ ብሎታል። የመጀመሪያው ፈታኝ ስለ ናሙና አወሳሰድ ጠየቁ፤ ስለ ገጽ ኅዳግ ጠየቁ፤ ምዕራፍ ሁለት ውስጥ «እኔ» የሚለው ለምን እንደበዛ ጠየቁ። ልጁ ኤፒኤን ጠቅሶ መለሰ። ፈታኙ መነጽራቸውን አወለቁና «የትኛው እትም?» አሉ። ነገረ ሥራው ወደ ክፉ እየሄደ ነበር።

ሁለተኛው ፈታኝ ግን ጽሑፉን ሲያገላብጡ ቆይተው የአባትየው ንግግር ያለበት ገጽ ላይ ቆሙ። ለካ የእሳቸውም ቤተሰቦች ሐሙሲት አካባቢ ሽንኩርት ያመርታሉ። ጥያቄ ሳያዘጋጁ «ቆይ፣ እናንተንም ማለዳ መጥቶ ነው ገበያ የለም የሚላችሁ?» አሉ። ልጁ «እኛን? እኛንማ ከነቀልን በኋላ ነው የሚመጣው!» አለ። «የእኛዎቹንም! የእኔ ወንድም አምና ሜዳ ላይ አፍስሶት ነው የገባው» አሉ ፈታኙ። የመጀመሪያው ፈታኝ መነጽራቸውን መልሰው አድርገው፣ አማታቸው ቲማቲም ላይ የደረሰባቸውን ተናገሩ። አባትየው ከኋላ እጃቸውን አወጡ፤ ሰብሳቢው ሥርዓቱ አይፈቅድም ለማለት ሲያመነታ እሳቸው ተነስተው መናገር ጀምረዋል። ደላላው ዘንድሮ ሚዛኑን እንዴት እንደሚያስተካክለው በእጃቸው እያሳዩ አስረዱ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እኔ፣ እኛ፣ የእኛ ቤት እያለ ይጯጯኻል፤ ሰብሳቢውም ሳይቀር አንድ ጥያቄ ጠየቀ። እንዲህ ያለ ሞቅ ያለ የሳይንስ ጉባኤ በዕድሜዬ አላየሁም።

ጥግ ላይ የተቀመጠው ጸሐፊ ሁሉንም በጥሞና ሲጽፍ ነበር። ስንወጣ ቃለ ጉባኤውን አየት አደረግሁት። «በሽንኩርት ገበያ ዙሪያ ገንቢ ውይይት ተካሂዷል፤ ለተነሱት ጥያቄዎችም በአጥኚው በቂ ምላሽ ተሰጥቷል» ይላል።